የተመታ ሰው መልሶ ቢመታ ይገባዋልን?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የክርክር ማኅበር ስም የተሰጠ ንግግር)



በዚህ የደስታ ቀን ስለ ድብደባ መናገር ለበዓሉ የማይስማማ መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። በእንዲህ ያለ ቀን ስለ ትምህርት ጥቅም፣ ስለ ትጋትና ስለ አገር ፍቅር መናገር የተለመደ ነው፤ እኛም ይህን ልማድ የምንንቅ አይደለንም። ነገር ግን የክርክር ማኅበራችን በዚህ ዓመት ካቀረባቸው አርእስቶች ሁሉ እንደዚህኛው አዳራሹን የሞላ፣ ከአዳራሹም ከወጣን በኋላ እንደዚህኛው ያከራከረን አልነበረም። አርእስቱም «በቤቱ ውስጥ የሚደበደብ ሰው መልሶ ቢመታ ይገባዋልን?» የሚል ነበር። ደጋፊዎችም ተቃዋሚዎችም ብዙ ተናገሩ፤ ድምፅ ተሰጠ፤ ነገሩ ግን በድምፅ አላለቀም። እኛ ከጥቂት ወራት በኋላ ከዚህ ግቢ የምንወጣ፣ ከጥቂት ዓመታትም በኋላ እያንዳንዳችን የየራሳችንን ጎጆ የምንቀልስ ስለ ሆንን፣ ያሰብነውን በወላጆቻችን ፊት ብንገልጽ መልካም መስሎ ታይቶናል።

ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ምን እንደምንናገር እንለይ። በባልና በሚስት መካከል ስለሚነሣው የቃል ክርክር አይደለም። «እንኳን ሰውና ሰው፣ ምላስና ጥርስም ይጋጫሉ» እንደሚባለው፣ አብረው የሚኖሩ ሰዎች በገንዘብም፣ በልጅ አስተዳደግም፣ በዘመድ ነገርም ሊከራከሩ ይችላሉ። እኛ የምንናገረው ከሁለቱ አንዱ እጁን፣ ዱላውን ወይም ቀበቶውን አንሥቶ ሁለተኛውን ስለሚመታበት፣ በአንድ ቀንም ሳያበቃ ደጋግሞ ስለሚመታበት ቤት ነው። የሚመታው ባል፣ የምትመታው ሚስት መሆናቸው እጅግ የበዛ ነው፤ ይሁን እንጂ በሚስቱ እጅ የሚጎዳ ባልም፣ በልጆቻቸው የሚንገላቱ አረጋውያንም መኖራቸውን አንዘነጋም። የምናቀርበው አሳብ ለሁሉም አንድ ነው።

በክርክሩ ላይ «ይህ የጥቂት ሰካራሞች ነገር ነው» የሚል ቃል ተሰምቶ ነበር። ጥናቱ ግን እንዲህ አይልም። የዓለም ጤና ድርጅት በ10 አገሮች አስጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተመው መግለጫ ከአገራችን ቡታጅራና አካባቢዋ ተካተው ነበር። እዚያ ከተጠየቁት፣ ባል ካላቸው ወይም ከነበራቸው ሴቶች ከ100ው 71ዱ በሕይወታቸው አንድ ጊዜ እንኳ በትዳር ጓደኛቸው እጅ የአካል ወይም የግብረ ሥጋ ግፍ እንደ ደረሰባቸው ተናግረዋል። ጥናቱ ከተደረገባቸው ቦታዎች ሁሉ ከፍተኛው ቁጥር ይህ ነበር። በ2008 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ የተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ደግሞ፣ ካገቡት ወይም አግብተው ከነበሩት ሴቶች ከ100ው 34ቱ በባላቸው የአካል፣ የግብረ ሥጋ ወይም የመንፈስ ጉዳት እንዳገኛቸው አስታውቋል። በአካልም ሆነ በግብረ ሥጋ ግፍ ከደረሰባቸው ሴቶች መካከል እርዳታ የፈለጉት ከአራቷ አንዷ እንኳ አይሞሉም። እንግዲህ ነገሩ የጥቂቶች ቤት ነገር አይደለም፤ ከየመንደራችን የማይጠፋ ነገር ነው።

አሁን ወደ ክርክሩ እንግባ። የሚመታ ሰው «ለምን መታህ?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ «አስቆጥታኝ ነው» ይላል። በዚያው የ2008 ዓ.ም. ጥናት ሴቶችና ወንዶች አምስት ነገሮች ተዘርዝረውላቸው፣ ባል ሚስቱን ቢመታ ይገባዋልን? ተብለው ተጠይቀው ነበር። ነገሮቹም ምግብ ብታሳርር፣ ብትከራከረው፣ ሳትነግረው ከቤት ብትወጣ፣ ልጆቿን ችላ ብትል፣ ለአልጋ ፈቃደኛ ሳትሆን ብትቀር የሚሉ ናቸው። ከ100 ወንዶች 28ቱ ቢያንስ በአንዱ ምክንያት መምታት ይገባዋል አሉ። ከ100 ሴቶች ግን 63ቱ ይገባዋል አሉ። ይህን ቁጥር ስንሰማ ብዙዎቻችን ደነገጥን፤ ዱላው የሚያርፍባት ከሚያሳርፈው ይልቅ ዱላውን ማጽደቋ እንዴት ነው? ለእኛ የመሰለን ይህ ነው፦ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ጥፋቱ የእርሷ እንደ ሆነ የተነገራት ሰው፣ ራሷን ሳትበድል ወንጀለኛ አድርጋ ታያለች። ነገር ግን አሳብ የሚለወጥ መሆኑንም ይኸው ጥናት ያሳያል፤ በ1997 ዓ.ም. ይገባዋል ያሉት ሴቶች ከ100ው 81 ነበሩ።

«አስቆጥታኝ ነው» የሚለውን መልስ ጥቂት እንመርምረው። አንድ ጸሐፊ በመሥሪያ ቤቱ በአለቃው ፊት ተሰድቦ ይዋል እንበል። ደሙ ይፈላል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ነገር ግን አለቃውን አይመታም። በመንገድ ላይ ፖሊስ ቢያመናጭቀው ይታገሣል። በአውቶቡስ ውስጥ ጎልማሳ ጎረምሳ ቢገፋው ዝም ይላል። ወደ ማታ ቤቱ ሲገባ ወጡ ቀዝቅዞ ቢያገኘው ግን ትዕግሥቱ ያልቃል። እንዲህ ያለው ቁጣ ሰውን ያሳወረ ቁጣ አይደለም፤ ማንን መምታት እንደሚያስቀጣና ማንን መምታት እንደማያስቀጣ አጥርቶ ያየ ቁጣ ነው። ስለዚህ ጥፋቱ የቀዘቀዘው ወጥ ሳይሆን፣ «ይህችን ብመታ ማንም አይጠይቀኝም» የሚለው እምነት ነው።

በእርግጥ ክፉ ቃል ሰውን እንደሚያቆስል አንክድም። ባልን በልጆቹ ፊት የምታዋርድ ሚስት፣ የቤቱን ቀለብ ጠጥቶበት እየመጣ ሚስቱን የሚሰድብ ባል አሉ። ሕጉም ቢሆን ይህን ያውቃል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ፣ በከባድ ሁኔታ ተነሣሥቶ ወንጀል የሠራ ሰው ቅጣቱ ሊቀልለት እንደሚችል ይናገራል። ነገር ግን ቅጣትን ማቅለል አንድ ነገር ነው፤ ሥራውን ትክክል ነው ማለት ሌላ ነገር ነው። የተቆጣ ሰው የሠራው ጥፋት ጥፋት መሆኑ አይቀርም። ይህን ስንል ሚዛኑ ለሁለቱም እኩል መሆን አለበት። ባል ስለ ተሰደበ መምታት የማይገባው ከሆነ፣ ሚስትም ስለ ተሰደበች ብትመታ አይገባትም። የቃል መልሱ ቃል ነው፤ ወይም ከዚያ ቦታ መሄድ ነው፤ ወይም ትዳሩ የማይሆን ከሆነ በሕግ መለያየት ነው።

«ባል የቤት ራስ ነውና ማረም ይገባዋል» የሚል ክርክርም ተነሥቶ ነበር። ይህ አሳብ ከየት እንደ መጣ እናውቃለን፤ አባቶቻችን የኖሩበት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተ ሰብ ራስ አድርጎ፣ ሚስት ሕግን በማይቃወም ነገር ሁሉ እንድትታዘዘው ያዝዝ ነበር። ያ ሕግ እንኳ «ምታት» አላለም። ዛሬ ግን ያ አንቀጽ የለም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ባልና ሚስት በጋብቻ ውስጥ እኩል መብት እንዳላቸው ደነገገ፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግም ባልና ሚስት ቤታቸውን በእኩልነት እንዲያስተዳድሩ፣ እንዲከባበሩና እንዲረዳዱ አዘዘ። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 የትዳር ጓደኛን መደብደብ እንደ ማንኛውም በሰው አካል ላይ እንደሚደርስ ጉዳት የሚያስቀጣ ወንጀል መሆኑን በግልጽ ጻፈ። ስለዚህ «በቤቴ ውስጥ ያደረግሁት ነው» ማለት ከእንግዲህ መከላከያ አይደለም።

እንግዲህ ወደ ዋናው ጥያቄ ደረስን። የተመታ ሰው መልሶ ቢመታ ይገባዋልን? በክርክሩ ላይ ብዙ ያጋጨን፣ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስም መጥራታችን ነበር። የሚወርድብንን ዱላ መመለስ አንድ ነገር ነው፤ ስለ ወረደብን ዱላ ብድር መክፈል ሌላ ነገር ነው። ሕጉ የመጀመሪያውን «ሕጋዊ መከላከል» ብሎ በአንቀጽ 78 ይፈቅዳል። የሚጠይቃቸውም ነገሮች ግልጾች ናቸው፦ ጥቃቱ ከሕግ ውጭ የሆነ፣ አሁን የተጀመረ ወይም ሊደርስ የተቃረበ መሆን አለበት፤ በሌላ መንገድ ሊወገድ የማይችል መሆን አለበት፤ መከላከያውም ከአደጋው ጋር የተመጣጠነ መሆን አለበት። ከመጠን ያለፈ ሰው ቢኖር እንኳ፣ ያለፈው ጥቃቱ ካሳደረበት ፍርሃት ወይም ድንጋጤ የተነሣ ከሆነ ፍርድ ቤቱ ሊምረው ይችላል። ጉሮሮዋን የታነቀች ሴት እጁን ብትነክስ፣ ብትገፋው፣ ያገኘችውን አንሥታ ብትመታው ጥፋተኛ አይደለችም። ባልዋ ከተኛ በኋላ ግን ብድሯን ለመክፈል የምትነሣ ሴት፣ ሐዘናችን ከእርሷ ጋር ቢሆንም፣ ከመከላከል ወጥታ ወደ በቀል ገብታለች።

እዚህ ላይ አንዱ ጓደኛችን፣ ቀኝ ጉንጩን የተመታ ሰው ሌላውን እንዲያዞር የሚያዝዘውን የወንጌል ትምህርት አነሣ። እኛም በዚያ ትምህርት ያደግን ነንና በቀላሉ አናልፈውም። በቀልን መከልከሉን እንቀበላለን። ይሁን እንጂ ይህ ትእዛዝ ሰው በገዛ ራሱ ላይ የሚቀበለው ትእዛዝ ነው። እኛ ተመችቶን ተቀምጠን፣ የሌላዋን ሴት ጉንጭ «አዙሪ» የምንልበት ሥልጣን አልተሰጠንም። የጎረቤትን ጩኸት ሰምቶ በሩን የዘጋ ሰው፣ ትዕግሥትን ያስተማረ አይምሰለው።

ከሁሉ ይልቅ አዳራሹን ጸጥ ያሰኘው ጥያቄ ግን ሌላ ነበር። ከታች ከተቀመጡት ተማሪዎች አንዱ ተነሥቶ «አባት እናትን ሲመታ ያየ ልጅ ምን ያድርግ?» አለ። ይህን ጥያቄ ከመጻሕፍት አላገኘውም ብለን እናስባለን። በአባት ላይ እጅ ማንሣት በአገራችን እርግማን የሚያመጣ ነውር ነው፤ እናትን ሲያስለቅሷት ቆሞ ማየትም ለልጅ እጅግ የከበደ ነገር ነው። እኛ ተወያይተን የደረስንበት ይህ ነው። ሕጋዊ መከላከል የሚባለው ለራስ ብቻ ሳይሆን ስለ ሌላም ሰው ይሠራል። ስለዚህ አቅም ያለው ልጅ በመካከል ቢቆም፣ የአባቱን ክንድ ቢይዝ፣ ዱላውን ቢያስጥል አባቱን አዋረደ አይባልም፤ ይልቁንም አባቱን ከወንጀል፣ እናቱን ከሞት አዳነ። ዱላው ከወደቀ በኋላ አንሥቶ አባቱን ቢመታበት ግን ያንኑ የጠላውን ሥራ ወረሰ። አቅም የሌለው ትንሽ ልጅ ደግሞ ድርሻው መታገል አይደለም፤ ወደ ጎረቤት ሮጦ መጮህ ነው። የጎረቤቱም ድርሻ በሩን መክፈት ነው።

ይህን በር የመክፈት ነገር አጥብቀን የምንናገረው በሁለት የታወቁ የፍርድ ነገሮች ምክንያት ነው።

አንደኛው በአገራችን፣ በአርሲ የሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ ለጋብቻ ተብላ በግድ ተጠለፈች፤ ተደበደበች፤ ተደፈረችም። ጠመንጃ ይዛ ልታመልጥ ስትሮጥ ተከታትለው ደረሱባትና ጠላፊዋን ተኩሳ ገደለችው። የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር፣ በኋላ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት በሆኑት በወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ አማካይነት ቆመላት። ፍርድ ቤቱም ራሷን እንደ ተከላከለች አምኖ በነጻ ለቀቃት። ያን ጊዜ ይሠራበት የነበረው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ የጠለፋትን ልጅ ያገባ ጠላፊ እንዳይከሰስ የሚያደርግ አንቀጽ ነበረው። የ1996ቱ ሕግ ይህን ማምለጫ ሠረዘ። ልጅቱ ግን ነጻ ብትወጣም በተወለደችበት ቀዬ በሰላም ልትኖር አልቻለችም። ሕግ ነጻ ያወጣውን ሰው መንደር ነጻ ላያወጣው እንደሚችል ከዚህ እንማራለን።

ሁለተኛው በእንግሊዝ አገር የሆነ ነው፤ እርሱንም የምናነሣው መከላከል በተባለውና በቀል በተባለው መካከል ያለው መስመር ለዳኞችም እንኳ አስቸጋሪ መሆኑን ስለሚያሳይ ነው። ኪራንጂት አህሉዋሊያ የምትባል ከሕንድ አገር የመጣች ሴት በትዳሯ አሥር ዓመት ያህል ተደበደበች። እ.ኤ.አ. በ1989 አንድ ሌሊት ባሏ ተኝቶ ሳለ በእሳት አቃጠለችው፤ እርሱም ከቀናት በኋላ ሞተ። ፍርድ ቤቱ በነፍስ ግድያ የዕድሜ ልክ እስራት ፈረደባት። የዚያን ጊዜ የአገሩ ሕግ ቁጣ የሚያቀልለው በድንገት የገነፈለ እንደ ሆነ ብቻ ነበር፤ ቀስ በቀስ አሥር ዓመት ለተጠራቀመ ፍርሃት ቦታ አልነበረውም። በ1992 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት፣ በአእምሮዋ ላይ ስለ ደረሰው ጉዳት የቀረበውን ማስረጃ ተመልክቶ ፍርዱን ሻረ፤ በኋላም የታሰረችው ጊዜ ይበቃታል ተብላ ተፈታች። ከብዙ ክርክር በኋላም በ2009 የወጣው ሕግ ቁጣው ድንገተኛ መሆን አለበት የሚለውን ነገር አስቀረ። እኛ የሠራችውን ሥራ ትክክል ነው አንልም፤ የተኛን ሰው ማቃጠል መከላከል አይደለም። ነገር ግን ዳኛ አንዲቱን ሌሊት ብቻ ሳይሆን ከዚያች ሌሊት በፊት ያለፉትንም ዓመታት መመዘን እንዳለበት እናምናለን።

አሁን ሕጉ የተናገረውን አንድ ቃል እንደገና እንድትመለከቱት እንለምናለን። መከላከል የሚፈቀደው ጥቃቱ «በሌላ መንገድ» ሊወገድ ያልቻለ እንደ ሆነ ነው። ይህ ሌላ መንገድ ምንድን ነው? ማንስ ነው? የታጠቀች ሴት አይደለም። ሌላው መንገድ ጩኸት ሰምቶ የሚያንኳኳ ጎረቤት ነው፤ «የቤት ገመና ነው» ብላ የማትመልሳት እናት ናት፤ አቤቱታዋን ጽፎ የሚቀበል ፖሊስ ነው፤ ጉዳቱን መርምሮ በወረቀት የሚያሰፍር ሐኪም ነው፤ በአዲስ አበባ የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር እንዳቋቋመው ያለ መጠለያ ነው። ይህ ሁሉ ሲዘጋባት ነው ሴቲቱ በገዛ እጇ ብቻ የምትቀረው። ስለዚህ «መልሳ መምታት ይገባታልን?» ብለን ከመጠየቃችን በፊት «ከመምታት በቀር ሌላ መንገድ አስቀርተንላታልን?» ብለን ራሳችንን መጠየቅ ይገባናል። የክርክራችን ፍሬ ይህ ነው።

ስለ ሽማግሌዎቻችንም ጥቂት በአክብሮት እንናገር። ሽምግልና ስንት የፈረሰ ቤት እንዳቆመ እናውቃለን፤ ደም የተቃቡትን እንኳ ሲያስታርቅ አይተናል። ነገር ግን ፊቷ ያበጠችን ሴት «ተመለሺና እግሩ ላይ ወድቀሽ ይቅርታ ጠይቂው» ብሎ መስደድ እርቅ አይባልም። እርቅ በዳይን «በደልሁ» የሚያሰኝ፣ ዳግመኛም እንዳይመታ በዋስ የሚያስር ሲሆን ነው። ዱላው ከቀጠለ ደግሞ ጉዳዩ ከሽማግሌ ወጥቶ ወደ ሕግ ሊሄድ ይገባዋል፤ ይህን መንገድ መዝጋት የሽማግሌ ሥራ አይደለም። በየዕድራችን ሰው ሲሞት ድንኳን ለመትከል እንፈጥናለን። ያው ዕድር ሰው ከመሞቱ በፊት «በዚያ ቤት ምን እየሆነ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ አንዳንዱ ድንኳን ባልተተከለ ነበር።

ከመምህሮቻችንም የምንለምነው አለ። የቤት ሥራውን ሳይሠራ የመጣ፣ በክፍል የሚያንቀላፋ፣ ያለ ምክንያት ጓደኞቹን የሚመታ ልጅ ሲያጋጥማችሁ፣ ከመቅጣታችሁ በፊት በቤቱ ምን እንደሚሆን ብትጠይቁት እንወዳለን። በቤት የሚታየው ድብደባ በቤት አይቀርም፤ ልጆች ይዘውት ወደ ትምህርት ቤት ይመጣሉ፣ በኋላም ወደ ጎጇቸው ይወስዱታል። «ዝም አይነቅዝም» የሚለው ምሳሌ ለብዙ ነገር ይጠቅም ይሆናል፤ ለዚህ ነገር ግን አይጠቅምም።

በመጨረሻ መልሳችንን በአጭሩ እንናገር። ስለ ቃል ብሎ መምታት ለማንም አይገባም። የሚወርድን ዱላ በመጠን መመለስ ይገባል፤ ለራስም ስለ ሌላም። ካለፈ በኋላ ብድር መክፈል አይገባም፤ ዳኛው ግን የመከራውን ዘመን ሁሉ ይመዝን። ከሁሉም በላይ ማንም ሰው በገዛ እጁ ብቻ እስኪከላከል ድረስ ብቻውን ሊተው አይገባም።

እኛ በዚህ ዓመት የምንወጣ ወንዶች ልጆች፣ ነገ በምንመሠርተው ቤት እጃችንን በትዳር ጓደኞቻችን ላይ እንዳናነሣ በእናንተ ፊት ቃል እንገባለን። ሴቶች ልጆችም የመጀመሪያውን ጥፊ እንደ ፍቅር ምልክት እንዳይቆጥሩ፣ ዕለቱንም ለሚያምኑት ሰው እንዲናገሩ ቃል ገብተዋል። ሁላችንም በየምንኖርበት ሰፈር ጩኸት ስንሰማ በራችንን ላለመዝጋት ተስማምተናል። ወላጆቻችን ሆይ፣ ቃላችንን ጠብቀን እንደ ሆነ ወደፊት ጠይቁን።